ኤልኬን የቆረጠልኝ ሥጋ ቤት፦ ከአምስት ሦስት ተኩል

ከአምስት ሦስት ተኩል ኮከብ ሰጥቻለሁ። ጊዜ የሌለው ሰው እዚህ ላይ ማቆም ይችላል። ጊዜ ያለው ቡናውን ይዞ ይቀመጥ።

የምጽፈው የአደን ሥጋ ስለሚያዘጋጅ አንድ ቤት ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ «ፕሮሰሰር» ይሉታል። ግዳይህን ጥለህ፣ ቆዳውን ገፍፈህ፣ አራቱን እግር በጨርቅ ከረጢት አድርገህ ትወስድላቸዋለህ። አጥንቱን አውጥተው፣ ቆርጠው፣ ፈጭተውና ጠቅልለው ይመልሱልሃል። ስሙን አልጠራም። ባለቤቱ ሦስት ሠራተኛ ይዞ ቀንና ሌሊት የሚሮጥ ሰው ነው፤ ካጠፋው ጥፋት ውስጥም ግማሹ የኔ ነው። ደግሞስ የምለው ነገር እንዲህ ዓይነት ቤት ለሚሄድ ሁሉ ይጠቅማል።

እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። እዚሁ ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከተማ ከገባሁ 14 ዓመት ሆነኝ። የምሠራው ጋራዥ ነው። አደን ያስለመደኝም እዚያው አብሮኝ የሚሠራ ፈረንጅ ነው። እንደ ቀልድ ተጀመረ። መጀመሪያ የአዳኝነት ኮርስ ወሰድኩ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1949 መጀመሪያ ወዲህ የተወለደ ሰው ያን ወረቀት ካልያዘ ፈቃድ አይሰጠውም። ከዚያ ብርቱካናማ ሰደርያና ኮፍያ ገዛሁ፤ ብርቱካናማ ወይም ሮዝ መልበስ በጠመንጃ ለሚያድን ግዴታ ነው። ባለቤቴ አይታኝ «የመንገድ ሥራ ጀመርክ እንዴ?» አለችኝ።

ኤልክ ምንድን ነው ለምትሉ፣ የእኛ ሰው «አጋዘን» እያለ ነው የሚጠራው። አጋዘን ግን አይደለም። የባሌ አጋዘን ቀንዱ ዕድሜ ልኩን አብሮት ይኖራል። የኤልክ ወንዱ በየዓመቱ ቀንዱን ጥሎ እንደገና ያበቅላል። ዲር ደግሞ የኤልክ ታናሽ ወንድም በሉት። መጽሐፍ ቅዱሳችን «ዋላ» የሚለው የዚህ ዘር ነው። የኤልክ ሴቷ ቀንድ የላትም፤ ግን ደህና የደጋ ላም ታህላለች። ለእኔ የወጣልኝ ዕጣ የሴት ነበር። አዎ፣ በዕጣ ነው። በፈረንጆቹ ሚያዝያ መጀመሪያ ድረስ አመልክተህ ትጠብቃለህ። የነዋሪው ፈቃድ ከ100 ዶላር በታች ነው፤ ከሌላ ስቴት የሚመጣው ግን ከ700 በላይ ነው የሚከፍለው።

ስለ አደኑ ብዙ አላወራም። ሰኞ ጥቅምት 17፣ ከክሬምሊንግ ከተማ ወጣ ብሎ፣ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ጎህ ሲቀድ ተኮስኩ። ከፍታውም ቁሩም የደብረ ብርሃን ነበር። ዋናው ሥራ የመጣው ከተኩሱ በኋላ ነው። አንዱ የኋላ እግር ብቻ ጀርባ ያጎብጣል። ሁለት ኪሎ ሜትር መንገድ አራት ጊዜ ተመላለስን። ሕጉ የጾታዋ ምልክት ከሥጋው ሳይለይ እንዲቆይ ያዛል፤ እሱንም እየጠበቅን። መኪናው ጋ ስንደርስ መሽቷል።

ማክሰኞ ጠዋት ሥጋ ቤቱ በር ላይ ነበርኩ። እዚህ ላይ ሙሉ ነጥብ እሰጣቸዋለሁ። ወለሉ ታጥቦ ይንጠባጠባል። የደም ሽታ የለም። ፈቃዴን ከሥጋው ላይ ካሰርኩት ታግ (መለያ ወረቀት) ጋር አስተያዩት። ከዚያ ሰውየው ከረጢቱን ፈቶ ሥጋውን በመዳፉ ዳሰሰ። ፀጉርና አፈር የበዛበት ሥጋ ሲመጣ የማጽጃ ዋጋ ይጨምራሉ። የኔን አገላብጦ አየና «ማነው የገፈፈው?» አለ። እኔ ነኝ አልኩት። በግ ሲገፈፍ እያየ ያደገ ሰው እዚህ ላይ ትንሽ ደረቱን ቢነፋ ምን ይፈረድበታል?

ሚዛኑ 212 ፓውንድ አለ። ዋጋቸው በፓውንድ 1 ዶላር ከ30 ነው፤ ከነአጥንቱ በተሰቀለበት ክብደት። ከመክፈላችሁ በፊት ይህችን ነገር አስተውሉ፤ ወደ ቤት በሚገባው ሥጋ አይደለም የሚታሰበው።

ቀጥሎ የት አካባቢ እንዳደንኩና ጭንቅላቱን ለምርመራ ሰጥቼ እንደሆነ ጠየቁኝ። ይህንንም ወደድኩላቸው። ዲርንና ኤልክን እያከሳ የሚገድል አንድ የአንጎል በሽታ አለ። መጀመሪያ የታየው እዚሁ ኮሎራዶ፣ ፎርት ኮሊንስ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1967 ነው። ወደ ሰው ተላለፈ የተባለ የለም፤ ግን በሽታው የተገኘበትን ሥጋ አትብሉ ነው ምክሩ። ስለዚህ የስቴቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ጭንቅላቱን ተቀብሎ ይመረምራል። እኔ በፈቃዴ ስለሆነ ያስመረመርኩት 25 ዶላር ከፍያለሁ። አንጎልና አከርካሪ የሚባል ነገር ከነጭራሹ ወደ ቤት አልመጣም።

እንግዲህ ቅጹ መጣ። ነገር የተበላሸው እዚህ ነው።

አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ሮስት ስንት ፓውንድ? ስቴክ ስንት ኢንች? የተፈጨው ስብ ይጨመርበት አይጨመርበት? ማትሪክ የተቀመጥኩ መሰለኝ። እኛ ሰፈር ጋሼ የምንላቸው አዛውንት አሉ። አገር ቤት የሰፈሩን ቅርጫ የሚመሩት እሳቸው ነበሩ። ብልት ያውቃሉ። ከሥጋ ቤቱ ደወልኩላቸው።

«ጋሼ፣ ሥጋው እንዴት ይቆረጥ እያሉኝ ነው።»

«ሽንጡን እንዳይነኩት በላቸው! ጭቅናውንም።»

«ሽንጥ የሚል ቅጹ ላይ የለም።»

«ምን ይላል ታዲያ? ሻኛውስ?»

«ሻኛ የላትም ጋሼ።»

ዝም አሉ። ከዚያ «ሻኛ የሌለው ከብት» አሉ፣ ሰው እንደሞተባቸው።

የባንኮኒው ልጅ ስክሪብቶ ይዞ ይጠብቀኛል፤ ከኋላዬ አምስት አዳኝ ተሰልፏል። እንደምንም ጨረስኩ። ሽንጡና ጭቅናው ሳይቆረጥ፣ የኋላ እግሩ በትልልቁ፣ ወርቹና የተረፈው ሁሉ ያለ ስብ ይፈጭ። ፈረንጆቹ የሚፈጨው ላይ ስብ የሚያስጨምሩት የኤልክ ሥጋ ድርቅ ያለ ቀይ ስለሆነ ነው። ለእኛ ግን ክትፎ እንዲህ ያለ ሥጋ ነው የሚፈልገው፤ ቅቤው ከራሳችን። መጨረሻ ላይ «ሶሴጅ?» አለኝ። ልጆቹ ይወዳሉ ብዬ 20 ፓውንድ አልኩ። ፈረምኩ። ከታች በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን አላነበብኩም። ይህን ያዙልኝ።

«ሁለት ሳምንት» አሉኝ። ኅዳር 2 መሆኑ ነው። የምርመራው ውጤት ደህና ሆኖ መጣ፤ ሥጋው ግን የለም። ሦስት ጊዜ ደወልኩ። አንድ ጊዜ «ነገ»፣ አንድ ጊዜ «በዚህ ሳምንት»፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ማንም አላነሳውም። ለእነሱ ዘጠኝ ቀን ምንም አይደለም። ለኔ ግን ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል! 43 ቀን ሙሉ ፍሪዘር ውስጥ ያለ ኤልክ እያየሁ ሽሮ ልበላ? ለአንድ ፈረንጅ ሥጋ ቆራጭ ይህን በስልክ ማስረዳት ከባድ ነው። «ሠርግ አለብኝ» ማለት ነበረብኝ፤ አልመጣልኝም።

ሐሙስ ኅዳር 11 ጠሩኝ። ዓርብ ጾም ነው። የቀረን ቅዳሜና እሁድ ብቻ። እሁድ ቅበላ።

አሁን ስለ ሥራቸው ጥራት። አየሩ ወጥቶ የታሸገ ነው፤ ለዚህ 25 ዶላር ጨምሬያለሁ፣ አልቆጨኝም። እያንዳንዱ ላይ ስሜ፣ ቀኑና የሥጋው ዓይነት ተጽፏል። አየር የገባባቸው ሁለት ብቻ አገኘሁ። ጅማቱ ተለቅሟል፤ ሽንጡ ላይ ያለችው ያቺ ብርማ ሽፋን ሳትቀር ተገፍፋለች። አንድ ፀጉር አላየሁም። እጃቸውስ እጅ ነው።

ጠቅላላው 138 ፓውንድ ሆነ። ጋሼ የቤቴ ጋራዥ በር ላይ ቆመው ነበር።

«212 ሰጥተህ 138? ሌላው የት ገባ?»

«አጥንት ነው ጋሼ። ጅማትና የደረቀው ላዩም አለ።»

«አጥንቱስ? ቅልጥሙስ? ቅቅል አይሆንም?»

አጥንቱን እዚያው እንደሚያስቀሩት ነገርኳቸው። አላመኑኝም። እስካሁንም የሚያምኑኝ አይመስለኝም።

ቅዳሜ ከሰዓት ጋራዡ ውስጥ ላስቲክ አንጥፈን ቅርጫ ሠራን። ሰባት ቤተሰብ፣ ሰባት መደብ። እዚህ ላይ ሥጋ ቤቱ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። የተፈጨው ሁሉ እኩል አንድ አንድ ፓውንድ ነው፤ እግዜር ይስጣቸው፣ እንደ ብር ቆጥረን አደረስነው። የኋላ እግሩ ግን አንዱ ጥቅል አንድ ፓውንድ አይሞላ፣ ሌላው ሁለት ተኩል። በረዶ ሆኖ የታሸገ ነገር ደግሞ በቢላ አይካፈልም። ጋሼ የወጥ ቤት ሚዛን አስመጥተው አንዱን ሲያነሱ፣ አንዱን ሲጥሉ፣ ሲያማርሩ አንድ ሰዓት ፈጀ። «ሥጋ እንዲህ በፕላስቲክ ታንቆ በምን ዓይን ይመደባል?» አሉ። ዕጣው ግን እንደ ወጉ ነበር። ሁሉም የየራሱን ነገር አዋጣ፤ የመኪና ቁልፍ፣ ሎሚ፣ ቁልፍ የሌለው የቁልፍ መያዣ፣ የሕፃን ካልሲ። የጎረቤቴ የስድስት ዓመት ልጅ ፊቷን አዙራ ቆይታ በየመደቡ ላይ አስቀመጠች። ሽንጥ ያለበት መደብ ለካልሲው ወጣ።

ገንዘብ ሊያወጡ ኪሳቸው የገቡ ነበሩ። ቅርጫ ከሆነ መዋጮ አለ ብለው ነው። እዚህ አገር ግን የዱር ሥጋ መሸጥ ክልክል ነው፣ መስጠት ብቻ ነው የሚቻለው። ለየመደቡ ስሜን፣ የፈቃዴን ቁጥርና የሰጠሁትን መጠን ጽፌ ፈርሜ አያያዝኩ። አንዱ «ለሥጋም ሊብሬ አለው?» አለ። ገንዘቡ ሲቀር እንጀራ መጣ፣ ጠጅ መጣ፣ አይብ መጣ።

አክስቴ ግን መደብ አልወሰዱም።

«ማን ባረከው?» አሉኝ።

«በስመ አብ ብዬ ነው የተኮስኩት።»

«ጥይቷን ነዋ የባረክኸው፤ እንስሳዋን መቼ ባረክህ?»

መልስ አልነበረኝም፣ አሁንም የለኝም። ሆኖም ተነስተው ወደ ጓዳ ገቡና ቅቤ ይዘው መጡ። ግዳይ የጣለ ሰው በደረቅ ራሱ አይቀመጥም ብለው መሐል አናቴ ላይ ለጠፉልኝ። ጋሼ ሊሸልሉ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። በኋላ ትዝ አላቸው መሰለኝ፣ «ሴት ናት አላልክም?» አሉ። ሴት ናት አልኩ። «እንግዲያው ለሷ አይፎከርም» ብለው ተቀመጡ። ፉከራው በዚያው ቀረ። ቅቤው ግን ማታውን ትራሴ ላይ ቀለጠ።

ሶሴጁን የከፈትነው እሁድ ነው። የ16 ዓመቷ ልጄ የጥቅሉን ጽሑፍ ጮክ ብላ ማንበብ ትወዳለች። ኤልክ፣ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ እያለች መጥታ መሐል ላይ «የአሳማ ሥጋ» አለች። ቤቱ ፀጥ አለ። አክስቴ የያዙትን ሹካ ቀስ አድርገው አስቀመጡ፤ ሰላጣ ነበር የሚበሉት።

ሰኞ ደወልኩ። የሥጋ ቤቱ ባለቤት ቅጹን እንድመለከተው ነገረኝ። እውነትም ከታች ተጽፏል፤ ሶሴጅ ሁሉ ከአሳማ ጋር ነው የሚሠራው፣ ከሌሎች አዳኞች ሥጋ ጋርም ተደባልቆ ነው። የእውነት የተናደድኩት በሁለተኛው ነው። የኔን ጭንቅላት ተሸክሜ ሄጄ አስመርምሬ፣ የማን እንደሆነ ከማላውቀው ጋር? ለአንድ ሰው ብቻ መሥራት የሚቻለው ከ50 ፓውንድ በላይ ሲሆን ነው አለኝ። ማሽኑ ለትንሽ አይነሳም። ይገባኛል። ግን እንዲህ ያለውን ነገር ልጁ አፉን ከፍቶ ይናገር እንጂ በጉንዳን ፊደል ይጻፋል? ሰውየው አልተከራከረኝም። ለሶሴጁ ከከፈልኩት 80 ዶላር 40ውን መለሰልኝ። ከዚህ በኋላ ልጁ በአፉ እንዲጠይቅ አደርጋለሁ አለ። እናያለን።

ሃያውን ፓውንድ ፈረንጁ ጓደኛዬ ጠቅልሎ ወሰደው። ደስታው ልክ አልነበረውም። በምትኩ እሱ ከመታው ዲር አንድ ሙሉ እግር አመጣልኝ። ስለዚህ ሁለቱንም አጠገብ ለአጠገብ ቀምሻለሁ። የዲሩ ሥጋ ጠረኑ ከበድ ይላል፤ የበላው ቁጥቋጦ አብሮት ያለ ይመስላል። በአዋዜ ካልሆነ ልጆቹ እሺ አላሉም። ኤልክ ግን ሣር የበላ የአገር ቤት በሬ ነው። ለማያውቅ ሰው ሳትናገሩ ብታቀርቡለት የበሬ ነው ብሎ ይምላል።

ጥብሱ ቶሎ ይደርቃል። ቅባት ስለሌለው ብረት ምጣዱን በደንብ አግላችሁ፣ ቅቤ ሳትሳሱ፣ ቶሎ አውጡት። ጭቅናው ግን ምንም ብታደርጉት አይበላሽም። ክትፎው ላይ ጠብ ተነስቷል። ጎረቤቴ ጥሬውን ካልሆነ አለ። እኔ እምቢ አልኩ። የከብት ሐኪም ያላየው፣ ጫካ የተገፈፈ፣ ደግሞ በወፍጮ ያለፈ ሥጋ ነው። የተፈጨ ሥጋ 160 ፋራናይት መድረስ አለበት። ለብለብም አልፈቀድኩም። «እንግዲህ ይህ ክትፎ ሳይሆን ምንቸት አብሽ ነው» ብሎ አኮረፈ። ሁለት ጊዜ ጨምሮ በላ።

ሒሳቡን ልዝጋ። መቁረጫ 275 ከ60፣ ማሸጊያ 25፣ ሶሴጅ 80፣ በድምሩ 380 ከ60። ከተመለሰው 40 ሲቀነስ 340 ከ60። ቤት በገባው 138 ፓውንድ ሲካፈል በፓውንድ ወደ ሁለት ዶላር ተኩል። ቤንዚኑን፣ ፈቃዱንና ጀርባዬን አልቆጠርኩም።

ኮከቦቹን የቀነስኩት ግማሿን ለዘገዩት ዘጠኝ ቀን፣ አንዷን ለዚያ ደቃቅ ፊደል ነው። ለጥቅሎቹ ክብደት አልቀነስኩም፤ ቅርጫ እንደምናደርግ አልነገርኳቸውም። ከሄዳችሁ ሰኞና ማክሰኞ አትሂዱ፤ ቅዳሜና እሁድ ያደነው ሁሉ ያኔ ነው የሚመጣው። ሥጋውን በትልልቁ አስቆርጡ፤ ለጥብስ መክተፉ ቤት ይደርሳል። «የሁሉም ጥቅል ክብደት እኩል ይሁን» ብላችሁ ቅጹ ላይ በእጃችሁ ጻፉ። ሶሴጅ እለፉት። የጾሙን ቀን ደግሞ እናንተው አስልታችሁ አንድ ሳምንት ቀድማችሁ ንገሯቸው።

የተረፈውን የኋላ እግር አክስቴ ቋንጣ አድርገውታል። በረዶው ግማሽ ሲለቅ በቀጭኑ ዘልዝለው፣ በሚጥሚጣና በጨው አሽተው፣ ምድር ቤት ገመድ ላይ ሰቅለው ፋን ለቀቁበት። እሳቸው አይበሉም፤ ለልጆቹ ነው። ለገና ቋንጣ ፍርፍር ሲሠሩ ግን ጨው በቅቶት እንደሆነ ማን ቀመሰው ብዬ ብጠይቃቸው ነገሩን ወደ ሌላ ወሰዱት።

ለሚቀጥለው ዓመት ሥጋ ቤቱ የምወስደው ወርቹንና የሚፈጨውን ብቻ ነው። የኋላውን እግርና ሽንጡን እዚሁ ጋራዥ ውስጥ ጋሼ ያወጡታል። ከወዲሁ ሁለት ቢላ ገዝተው እየሳሉ ነው። እኔ ማመልከቻውን ገና አላስገባሁም።